የቅዳሜው ላይቭ እና የ«ሾፌሩ» ደብዳቤዎች

ሮቤ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ አጎት የልጅ ልጅ፣ ባሕር ማዶ በርገን፣ ኖርዌይ ለሚኖረው ለከሊል።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። አካም ጅርታ? ጤናህ እንዴት ነው? ጣቶችህስ? አሥሩንም አላህ ይጠብቅልህ፤ ስምህ እነሱ ላይ እንደቆመ አይቻለሁ። እኔ፣ ፈረሴና ጋሪዬ፣ ሦስታችንም ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላህ።

ጽሕፈቱን አይተህ «ዋቆ ማንን አስጻፈ?» እንዳትል። ራሴ ነኝ። በአርባ አምስት ዓመቴ የማታ ትምህርት ገብቼ፣ በአርባ ሰባቴ፣ ባለፈው ነሐሴ፣ የምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። ከሠላሳ አንድ ተማሪ ሁለተኛ! አንደኛ የወጣችው ድንች ሻጯ ዳቢሴ ናት፤ እሷ ደግሞ መነጽር አላት፣ መነጽር እንደ እገዛ ይቆጠራል። መምህራችን የሺሃረግ «ዋቆ፣ ጽሕፈትህ መስመር አይለቅም» ብላኛለች። አሁን ሮቤ ውስጥ ሳላነበው የማልፈው ታፔላ የለም። ተሳፋሪ ጭኜ እየሄድኩ ጮክ ብዬ ስለማነብ «እባክህ ዝም ብለህ ንዳ» ይሉኛል። ባለፈው አንዲት ሴትዮ የያዙትን የመድኃኒት ወረቀት ከጋሪው ላይ ሆኜ አንብቤ «ይሄ ከምግብ በኋላ ነው» አልኳቸው፤ ወርደው በእግራቸው ሄዱ።

ስልክ መደወል ትችላለህ፣ አውቃለሁ። እኔ ግን የምፈልገው ደብዳቤ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሲነበብልኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን የራሴን ልላክ፣ የራሴንም ልቀበል።

አሁን ስላንተ። ባለ ሻይ ቤቱ ኢዶሳ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኢንተርኔት ላይቭህን ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ይከፍታል። መጀመሪያ «ምኑን ነው የሚያዩት?» አልኩ። ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ከላይ እንደ በረዶ ይወርዳል፤ ታች መስመሩ ጋ ሲደርስ አንተ በዘፈኑ ምት ጣትህን ታሳርፋለህ። በቃ። ጥግ ላይ እጆችህ ይታያሉ፣ በላይ በኩል ፊትህ፣ በጎን የሰው ኮሜንት። እኛ አንጫወትም፣ አንተ ስትጫወት እናያለን። ስንዴ ሊሸጥ ከገሰራ የመጣ ሰውዬ «እሱ ሲጫወት እኛ ምን እናገኛለን?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተነሳም፣ ሻዩ ቀዘቀዘበት፣ ሲመሽ ጓደኛው መጥቶ ጎትቶ ወሰደው። እኔም እንደዚያው ሆኛለሁ። አራት መቶ ሰው ከየአገሩ ተሰብስቦ የአንድ ሰው ጣት ያያል፣ ማሻአላህ!

በዘፈንና በዘፈን መሀል ደግሞ ቀልድ ታወራለህ። ባለፈው ቅዳሜ ያወራኸው ሻይ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። «ማንበብ የማይችል ጋሪ ነጂ ዘመድ ነበረኝ። ደብዳቤ ሲደርሰው ወደ እኔ ያመጣል፣ እኔም አፌ ላይ የመጣውን አነብለታለሁ። አንድ ቀን የሚወዳት ልጅ ጻፈችለት። 'ጋሪ ነጂ አላገባም፣ ፈረስህን ሸጠህ መኪና ስትገዛ ና ትላለች' አልኩት። አመነ!» አልክ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉም አብልጬ ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሮቤ ሰው «ሾፌሩ» ይለኛል። ልጆች ከጋሪው ኋላ እየሮጡ «ሾፌሩ፣ መኪናው የታለ?» ይላሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ለማወቅ ያህል ነው። ያ ወረቀት በእውነቱ ምን ይል ነበር? ትዝ ካለህ ጻፍልኝ።

አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ ያስፈልግሃል።

ዘመድህ ዋቆ፣ በገዛ እጁ


በርገን፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዋቆ፤

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ። ሰላምታዬ ከሮቤ እስከ ጎባ ላለው ዘመድ ሁሉ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ፣ ዝናቡ ብቻ ነው የማይለቀን።

አንተ ሰውዬ በሳቅ ገደልከኝ! ደብዳቤህን ለሥራ ጓደኞቼ አሳየኋቸው። አንድ ገጽ ላይ ስምንት መስመር! ፊደሎችህ እንደ ጎተራ ነው የቆሙት። ግን ጎበዝ፣ በርታ። እዚህ እኔ ሳምንቱን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ሳጥብ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ግን ንጉሥ ነኝ። የማጅራቴን ሕመም የሚያስረሳኝ ያ ሰዓት ነው። አንተም እንደምታየኝ ስሰማ ደስ አለኝ።

ቀልዱን ወደ ልብህ አታስገባው። ስም አልጠራሁም። ሰው የሚመጣው ሊስቅ ነው፣ እኔም የማውቀውን አገሬን አወራለታለሁ። ወረቀቱ ምን ይል ነበር ላልከው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለፈውን ማን ያስታውሳል? የሴት ልጅ ሰላምታ ነው የሚሆነው።

ይልቅ አንድ ነገር አስቸግርህ። እናቴ ጆሮዋ ጨርሶ እየደከመ ነው። ስደውልላት «ሃሎ፣ ሃሎ» ብላ ትዘጋዋለች። ደብዳቤ ስልክላት ጎረቤት ያለ ተማሪ ጆሮዋ ላይ እየጮኸ ያነብላት ነበር፤ እሱም ጎሮ ሄደ አሉ። አንተ ጎባ መመላለስህ አይቀርም። ሁለተኛው ወረቀት የእሷ ነው። አንብብላት፣ የምትለውንም ጻፍልኝ። አየህ፣ ትምህርትህ ከወዲሁ ጠቀመ!

ወንድምህ ከሊል


ሮቤ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘመዴ ለከሊል፤

ሰላምና ጤና ይብዛልህ። ዝናቡም ይብዛልህ።

ለእናትህ ለአዴ ዙቤዳ ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ከሰላምታው እስከ ስምህ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። «ቡኒ ሹራብ ልኬልሻለሁ» የምትለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። መልሳቸውን በሌላ ወረቀት ጽፌያለሁ፣ አውራ ጣታቸውን አሳርፈውበታል። ወላሂ፣ እንዳሉት ነው የጻፍኩት። የሌላ ሰው ደብዳቤ እንዴት እንደሚነበብ እንድታውቅ ብዬ ነው ይህን የምነግርህ።

የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀመጥኳቸው ሰባት ወረቀቶች አሉ። ሰባቱንም ያነበብክልኝ አንተ ነህ፤ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርክ። የማንበቢያ ዋጋህ ይሁን ብዬ ከሮቤ ጎባ በጋሪ አመላልስህ ነበር። ዓርብ ከጁምዓ እስከ አስር ሶላት ድረስ ቁጭ ብዬ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ አነበብኳቸው። ያኔ የምወዳት የደሎ መናዋ ልጅ የጻፈችው አራተኛው ነው። ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ የሰው ሚስት ናት፣ የአምስት ልጆች እናት። አንተ ታውቃታለህ። እንዲህ ይላል፦

«ለዋቆ። ሰላም ላንተ ይሁን። አባቴን አናገርኩት። ጋሪ ነጂ መሆንህን ነገርኩት፣ ሥራ ነው ብሏል። ሽማግሌ ላክ። የጎሮ ሰዎችም ጠይቀውኛል፣ እኔ ግን አንተን ነው ያልኩት። እስከ አረፋ እጠብቃለሁ። ካልመጣህ እንዳልፈለግከኝ አውቃለሁ።»

ከሊል፣ መኪና የት አለ? እኔ ሁለት ጊዜ ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም።

አረፋ ደርሶ እሷ በር በሩን ስታይ እኔ ምን እሠራ ነበር መሰለህ? ተሳፋሪ እጭን ነበር። «መኪና ካማራት መኪና ያግባት» እያልኩ ተኮፍሼ። አንተም ከኋላ ተቀምጠህ ሙዝ ትበላ ነበር። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ስንገናኝ ፊቷን ታዞርብኛለች። ንቆ የተዋት ሰው ነኝ፣ በእሷ ቤት።

እሷን መልስልኝ አላልኩህም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያንን ወረቀት በዚያው ላይቭህ፣ በዚያው አፍህ፣ እንደ ተጻፈው አንብበው። ስሟ ይቅር። ደሎ መና ውስጥም ያንተን ጣት የሚያይ ሞልቷል፤ ወሬው ይደርሳታል።

እጠብቃለሁ።

ዋቆ


በርገን፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዋቆ፤

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤህ ዘግይቶ ደረሰኝ፣ ሥራም በዝቶብኝ ነበር። ለእናቴ ስላነበብክላት አላህ ምንዳህን ይክፈልህ። መልሷ ደስ አሰኝቶኛል።

ያልከውን በተመለከተ፣ ልጅነት ነው። ልጅ ሆኖ ያልቀለደ ማን አለ? ደግሞ አትቀየመኝና፣ በሁለት ዓመት የማታ ትምህርት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወረቀት በትክክል አነበብኩ ማለትህ ራሱ ትንሽ ያስቃል። የደበዘዘ ቀለም ነው፣ የሴት ልጅ የተጣደፈ ጽሕፈት ነው። አንዱን ለአንዱ አላየኸውም ብለህ ትምላለህ? ብትፈልጋትም ኖሮ አንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፍረህ ደሎ መና ወርደህ ራሷን አትጠይቃትም ነበር?

ላይቬ ሸንጎ አይደለም። የማለቅስበት ቢሆን ኖሮ አራት መቶ ሰው አይመጣም። ሕጉን ታውቀዋለህ፦ በመጨረሻ «የተመልካች ዘፈን» አለ። ማንም ሰው የፈለገውን ድምፅ ይልካል፣ ኮምፒውተሩ ወደ ነጥብ ይለውጠዋል፣ እኔ እመታዋለሁ። አንዲት ነጥብ ካመለጠችኝ ላኪው ከድምፁ ጋር የላከውን ጽሑፍ ምንም ይሁን ምን ፊደል ሳላጎድል አነባለሁ። ሰባት ወር ሆኖኛል፣ አንድም ሰው አላስነበበኝም። ከዚህ ውጭ በጉልበት የሚያስነብበኝ የለም።

ይልቅ እንደ ዘመድ እንነጋገር። ስልክህ የተሰነጠቀ አሮጌ ነው አሉ። ጥሩ ስልክ ልላክልህና ነገሩን እዚህ ላይ እንዝጋው።

ወንድምህ ከሊል


ሮቤ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርከው ዘመዴ ለከሊል፤

አላህ ከክፉ ይሰውርህ። ደብዳቤህን አነበብኩ፣ ደግሜም አነበብኩ። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ እኔ ትናንት ፊደል የቆጠርኩ። ሽማግሌዎችም «ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ልክ ነህ።

ስልኩን ላክልኝ። ካሜራው ቢቀር ግድ የለኝም፤ ድምፅ ግን ጥርት አድርጎ የሚቀዳ ይሁን። ለትምህርቴ እፈልገዋለሁ።

አዴ ዙቤዳ ሹራቡን ለብሰውታል። ጎባ ሰሞኑን ብርዱ ከባድ ነው፣ ከሳነቲ የሚወርደው ንፋስ ሰው አያስወጣም። «ደብዳቤ ከመጣ ዋቆ ብቻ ያንብብልኝ፣ ሌላ ሰው አልፈልግም» ብለውኛል፤ ንገረው ስላሉኝ ነው የነገርኩህ።

ታናሽህ ልሁን፣ ዋቆ


በርገን፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሾፌሩ!

ሰላም ነህ? ስልኩን የሚያደርስልህ ወንዶሰን ይባላል። ለሥልጠና እዚህ መጥቶ ወደ ሮቤ የሚመለስ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነው። ድምፅ አቀዳዱ አንደኛ ነው፤ ዝንብ ስትሄድ እንኳ ይሰማሃል። አሁን ሰው ሆንክ። ቅዳሜ «ሾፌሩ ታረቀኝ» ብዬ ላይቭ ላይ ነገርኳቸው፣ የልብ ምልክት በላይ በላዩ አዘነቡልህ። ቀልዱንም በጥያቄ ብዛት ደግሜ አወራሁት።

ረመዳን ሙባረክ። በጾሙ ላይቭ የለም፣ ከኢድ በኋላ እንገናኛለን።

ከሊል


ሮቤ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለ ወርቅ ጣቱ ዘመዴ ለከሊል፤

አሰላሙ አለይኩም። ኢዱ እንዴት አለፈ? ከትናንት በስቲያ ቅዳሜ የሆነውን አንተ ከዚያ በኩል አይተኸዋል። ከዚህ በኩል ምን ይመስል እንደነበር ግን የሚነግርህ የለም። እኔ ልንገርህ፤ ካልነገርኩህ ያመኛል።

መጀመሪያ ስለ ዘፈኑ። ወንዶሰን በስሙ «የባሌ ሙዚቃ» ብሎ ሲልክልህ «ይሄ ደግሞ የምን ከበሮ ነው?» ብለህ ሳቅክ። ከበሮ አልነበረም። ፈረሴ ናት፣ ዳማዋ። አንተ በላክህልኝ ስልክ ነው የቀዳኋት። በጨርቅ ጠቅልዬ ከጋሪው ሥር አሰርኩትና ወደ ጎባ መውጫው አስፋልት ላይ አራት ደቂቃ ነዳኋት። ወንዶሰን ጎበዝ ሰው ነው፤ ነገሩን ሁሉ ስነግረው «ድምፁን ስጠኝ» ብቻ አለ።

እንደምትሳሳት እንዴት አወቅኩ? አሥራ ስድስት ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ሳይህ ሌላው ሰው ነጥቡን ያያል፣ እኔ እጅህን ነበር የማየው። ሃያ አምስት ዓመት የአራት እግር ምት ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የትኛው እግር እንደሚያነክስ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ። አንተ የግራ እጅህ ትንሿ ጣት ታነክሳለች። ምቱ ሲፈጥን ምንም አትሆንም፤ ሲዘገይ ነው የምትጠፋው። አንድ ነጥብ ትንሽ ከቆየችብህ ቀድመሃት ትመታለህ። መጠበቅ አታውቅም። የኔዋ ዳማ ደግሞ ሦስቱ እግሮቿ ሰዓት ይጠብቃሉ፣ የኋላ ግራዋ ግን ደስ ባላት ጊዜ ነው የምታርፈው። ስትወለድም እንደዚያው ነች። ሮቤ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚነዳት የለም።

ሁለት ደቂቃ ያዝካት። አልክድህም፣ ጎበዝ ነህ። ኢዶሳ ማንኪያ አላማሰለም። ከዚያ እኔ የማውቃት ቦታ ደረሰች፦ መንገድ ላይ አህያ ቆሞብኝ ልጓሟን ሳብ ያደረግኩባት። ዳማዋ ሦስት እግር አሳረፈች፣ አራተኛውን አንጠልጥላ ቆየች። አንተ መታህ። እሷ ገና አላረፈችም። ሳትስት የመታሃቸው ነጥቦች ቁጥር፣ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት የደረሰው፣ ዜሮ ሆነ።

ጩኸቱን ብትሰማ! ከውጭ የቆሙ ፈረሶች ደነበሩ።

ከዚያ ጽሑፉን ከፈትክ። ያው የወረቀቱ ፎቶ ነው፣ ስሟን በከሰል አጥፍቼ። ፊትህ ሲለዋወጥ አየን፤ የኢዶሳ ቴሌቪዥን ትልቅ ነው። ጉሮሮህን ጠረግክና እንዲህ ብለህ አነበብክ፦ «ሰላም ላንተ ይሁን። ደሎ መና ሞቃት ነው። ማሩ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው፣ ሰላም ይሉሃል።» ፈገግ ብለህም «በቃ፣ ሰላምታ ናት» አልክ።

ያንኑ ስህተት ደገምከው፣ ከሊል። ወረቀቱን የያዝክ አንተ ብቻ መሰለህ።

የማታ ትምህርቱን ዘንድሮም ሁላችንም ቀጥለናል፤ ሐሙስ ዕለት መምህርት የሺሃረግን «የዛሬውን የቃል ጽሕፈት እኔ ላስጽፍ» አልኳት። «ከየት ነው?» አለች። «ከቤቴ» አልኳት። ወረቀቱን አንብባ ጠመኔውን ሰጠችኝ። ሠላሳ ሰው፣ ሠላሳ ደብተር። እኔ ቃል በቃል ጠራሁ፣ እነሱ ጻፉ። ስለዚህ ቅዳሜ አንተ ስታነብ ሠላሳ ሰው እዚያው ሻይ ቤት ተቀምጦ በገዛ እጁ የጻፈውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር አድርጎ ይከተልህ ነበር። «ማሩ ጥሩ ነው» ስትል ሁሉም ደብተሩን አገላበጠ። ዳቢሴ መነጽሯን ወልውላ፣

«ማር የቱ ጋ ነው? እኔ ጋ ማር የለም» አለች።

አብረውን የሚማሩት ዘበኛው ጋሽ ሀይሉ፣ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ «እኔም ጋ የለም። ሞቃትም የለም» አሉ።

«ታዲያ እኛ ነን የተሳሳትነው?»

«ሠላሳችንም? ሂጂ እዚያ!»

ከዚያ ስልኮች ወጡ። ቀስ ብለው፣ አንድ ፊደል፣ አንድ ፊደል። ዳቢሴ «አባቴን አናገርኩት» ብላ ላከች። ጋሽ ሀይሉ «ሥራ ነው ብሏል»። ከዚያ «ሽማግሌ ላክ» አሥራ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መጣ። አንተ ኮሜንቱን እያየህ «ምንድን ነው ይሄ? ምንድን ነው?» አልክ። የጅዳውም፣ የሜልበርኑም ሰው «ይሄ ያ የሾፌሩ ደብዳቤ ነው እንዴ? መኪናውስ?» ማለት ጀመረ። የመጨረሻውን መስመር እኔ ጻፍኩ፤ ሁለተኛ የወጣሁት በከንቱ አይደለም። ከሥሩ ደግሞ «ፊደል ሳታጎድል» ብዬ ጨመርኩበት።

ያኔ አነበብከው። ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ተጻፈው። «እንዳልፈለግከኝ አውቃለሁ» የሚለውን ጨረስክ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። ሻይ ቤት ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። ኢዶሳ የሁላችንንም ሻይ ደግሞ ቀዳ።

ዛሬ ጠዋት ከደሎ መናው አውቶቡስ አንዲት ሴት ወረደች፣ ማር የያዘ ጀሪካን ይዛ። ጋሪዬ አጠገብ ስትደርስ እንደ ወትሮው ፊቷን ታዞራለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አላዞረችም። «አሰላሙ አለይኩም ዋቆ» አለችና አለፈች። ሦስት ቃል ነው።

ይበቃኛል ብዬ ነበር። አልበቃኝም።

ዋቆ


በርገን፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዋቆ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ለአንተም፣ ለቤትህም፣ ለከብትህም ሰላም ይስጥ።

ላይቩን ካቆምኩ ሦስት ቅዳሜ ሆነኝ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሞክሬ ነበር፤ ዘጠና ሰው መጣ፣ ሁሉም የጻፈው «ሽማግሌ ላክ» ነው። ዘጋሁት። እዚህ መስጊድ በር ላይ የባሌ ልጆች ሰላምታዬን ከአንገት በላይ ነው የሚመልሱት። አንድ ሽማግሌ «እኔም ማንበብ አልችልም፣ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ።

ጥፋተኛ ነኝ። ወረቀቱን ሳነበው ቀናሁ መሰለኝ፤ ለእኔ እንደዚያ ብሎ የጻፈልኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ አንተ ስታምነኝ ሳቄ መጣ። አውፍ በለኝ።

አሁን የምለምንህ ስለ ላይቩ አይደለም። ስለ እናቴ ነው። ጎባ ውስጥ ከሰው አፍ ሳትሰማው ራሴ ልንገራት ብዬ ሁሉንም ጽፌላታለሁ። ሁለተኛው ወረቀት የእሷ ነው። መጨረሻ ላይ «ይቅር ትይኛለሽ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። መልሷን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሌላ ሰው እንዲያነብላት አስቤ ነበር። ግን «ዋቆ ብቻ ያንብብልኝ» ብላለች። ቆይቼ ሳስበው፣ ይህንንም የጻፍክልኝ አንተ ነህ። ከኅዳር ጀምሮ ከእናቴ የደረሰኝ ቃል ሁሉ በአንተ እጅ የተጻፈ ነው። አወጣኋቸውና እንደገና አነበብኳቸው።

ወላሂ፣ እንደ ተጻፈው አንብብላት። እንዳለችው ጻፍልኝ። የምትፈልገውን ሁሉ አደርጋለሁ።

ከሊል


ሮቤ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘመዴ ለከሊል፤

ወአለይኩሙ ሰላም። አላህ እንቅልፍህን ይመልስልህ፣ በጊዜው።

ወረቀቶችህን ተቀበልኩ። የእኔን አንብቤ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጥኩት። የእናትህን ይዤ ማክሰኞ ጎባ ሄድኩ። አዴ ዙቤዳ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣ? ልጄ ምን አለ?» አሉኝና እጄን ይዘው ቤት አስገቡኝ፤ ጎረቤት እንዳይሰማን በሩን ዘጉት። ሌላ ሰው አልነበረም።

አነበብኩላቸው። ረጅም ነው የጻፍከው፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። አንዱ ቦታ ላይ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ፣ «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ምን ብዬ እንዳነበብኩላቸው አልነግርህም።

ከዚያ ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ፣ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። ወረቀቱ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ነው። አሁን አውጥተህ ታነበዋለህ፤ ለጠየቅከው ጥያቄ መልስ አለው። ሲያስደስትህ «እውነት እናቴ ናት ያለችው? ወይስ ዋቆ አዝኖልኝ ነው?» ትላለህ። ሲያስከፋህ ደግሞ «ዋቆ ነው፣ ተበቀለኝ» ትላለህ። ጽሕፈቱን ታገላብጠዋለህ፣ ምንም አይነግርህም፤ ፊደሎቼ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። አውራ ጣቱ የእሳቸው ነው፤ ከአውራ ጣቱ በላይ ያለው ግን ያው በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ «እንዳሉት ነው» እልሃለሁ። አንተም ያኔ እንደዚያው ነበር ያልከኝ፣ መሐላም ጨምረህበት።

የምትፈልገውን አደርጋለሁ ብለሃል። ምንም አልፈልግም። ስልኩም ደህና ይሠራል።

ማወቅ ከፈለግክ መንገዱ አንድ ነው። አንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፍረህ ራሷን አትጠይቃትም ነበር ብለኸኝ የለ? ያንተ መንገድ በአውሮፕላን ነው፣ ይፈጥናል። ና። እናትህ ፊት ቁጭ በልና በገዛ አፍህ ንገራቸው፣ በገዛ ጆሮህ ስማቸው። ስትነግራቸው በቀኛቸው በኩል ተቀመጥ፤ የግራው ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም።

ዋቆ